በሞቴ አይነሱ

አንድ በአጥንት ሥራው የተመሰገነ፣ በሰው ጠባይ ግን አንጀቱ ያረረ ወጌሻ ነበረ። ስሙ ይርዳው ይባላል። ጥበቡን ከአባቱ ተማረ፤ አባቱም ከአያቱ። የተሰበረ አጥንት በጣቱ ዳስሶ የት ላይ እንደተለያየ ያውቃል፤ ስቦ ያገናኘዋል፤ በሸምበቆ ፍልጥ ደግፎ በጨርቅ ያስረዋል። በእጁ ካለፈው እግር ሁሉ ተጣሞ የቀረ አንድም የለም። ይህን የምናገረው ሰውዬውን ለማወደስ ብዬ አይደለም። በኋላ የአገሩ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚያላክኩ፣ ከወዲሁ እወቁልኝ ብዬ ነው።

የዚያ አገር ገዥ ፊታውራሪ አላምረው ይባሉ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ሕዝቡም ይወዳቸዋል። መውደድ ስል የአፍ መውደድ አይደለም፣ የእውነት ነው። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ መውደድ ነው። ቢጠሏቸው ኖሮ ምንጩ እስከ ዛሬ የእነሱ በሆነ ነበር።

የምን ምንጭ ትሉኝ ይሆናል። ያ አገር ከጎረቤቱ አገር የሚዋሰነው በአንድ ረጅም ተረተር ላይ ነው። በተረተሩ አጋማሽ ክረምት ከበጋ የማይነጥፍ ምንጭ አለ። ድሮ በዚያ ምንጭ ምክንያት ስንት ሰው ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎች አንድ ሕግ አወጡ። በየሰባት ዓመቱ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ፀሐይ ስትወጣ የሁለቱ አገር ገዥዎች ከተረተሩ ሁለት ጫፍ ተነስተው ወደ መካከል ይሄዳሉ። በእግር ነው የሚኬደው። በቅሎ አይፈቀድም፣ የሰው ትከሻም አይፈቀድም፤ ምርኩዝ ብቻ ይፈቀዳል። በተገናኙበት ቦታ የወሰን ድንጋይ ይተከላል፤ እስከሚቀጥለው ሰባት ዓመት ያን ድንጋይ የሚነካው የለም። ፊታውራሪ አላምረው እግራቸው ፈጣን ነበርና ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቱንም ጊዜ ምንጩን አልፈው ነው የተገናኙት። የአገራቸው ሴቶች አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ከቅርብ ቀዱ።

ሦስተኛው ጉዞ አምስት ወር ሲቀረው፣ በሰኔ፣ የፊታውራሪ በቅሎ ወንዝ ስታቋርጥ ተንሸራተተች። እሳቸው ከሥር ዋሉ። የግራ ቅልጥማቸው ተሰበረ።

ይርዳው ተጠራ። መጣ፣ ዳሰሰ፣ ሳበ፣ አገናኘ፣ አሰረ። ፊታውራሪ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ አልጮሁም። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ እንዲህ አላቸው፦

«ጌታዬ፣ እኔ የተለያየውን አገናኘሁ እንጂ አልጠገንኩም። የሚጠግነው ራሱ አጥንቱ ነው። ሰው አጥንትን ደረቅ እንጨት ይመስለዋል፤ አይደለም። ደም ይዞርበታል፣ ነፍስ አለው። ላዩ ድንጋይ ነው፤ ጫፍና ጫፉን ቢሰነጥቁት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ በመሃሉ ደግሞ መቅኔው አለ። አሁን ስብራቱ ላይ የረጋው ደም መጀመሪያ እንደ ጆሮ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ነገር ይሆናል፤ ቀስ እያለ ይጠነክርና አጥንት ይሆናል። ሁለት ወር ይስጡኝ። እስከዚያ ይህ እግር መሬት እንዳይነካ።»

«ከዚያስ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ከዚያ የእኔ ሥራ ያልቅና የእርስዎ ይጀምራል።»

ሁለቱ ወር ያለ ምንም ችግር አለፈ። ሰውን ማስተኛት ከሆነ ያን አገር የሚያህል የለም። ጠያቂ ከማለዳ እስከ ማታ ይጎርፋል። ማር ያልያዘ ቅቤ ይዟል፣ ቅቤ ያልያዘ ዶሮ ይዟል። የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ውድነሽ ትራስ በትራስ ላይ ይደራርባሉ፤ ውሃ አልጋ ድረስ ይመጣል፣ ምግብ አልጋ ድረስ ይመጣል። ፀሐይ መሞቅ ሲያምራቸው አራት ጎረምሶች አልጋውን እንዳለ ተሸክመው ያወጧቸዋል። ለዚያ ጊዜ ትክክል ነበር፤ ይርዳውም አመስግኗል።

በነሐሴ መጨረሻ ፍልጡ ተፈታ። አጥንቱ ቀጥ ብሎ ገጥሟል። ስብራቱ የነበረበት ቦታ ሲዳሰስ እንደ ሸንኮራ አንጓ ወፈር ብሎ ይሰማል። ባታቸው ግን የለም። ያ ዳገት የሚወጣ ባት ሟሽሾ የሕፃን ክንድ አክሏል፤ ጭናቸውም ከስቷል።

ወይዘሮ ውድነሽ አዩና እሪ አሉ። «እግራቸው ደርቋል! ወጌሻ፣ ምን አደረግኸን?»

«አልደረቀም እመቤቴ፣ ሥራ ፈትቶ ነው የከሳ» አለ ይርዳው። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ነበርና ሁሉም እንዲሰማ ፈለገ። የዚያን ዕለት ጠያቂዎች ያመጡት በግ ታርዶ ስለነበር አንድ እግር ከነሰኮናው አስመጣ። ቆዳውን በካራ ገፈፈ። ቀዩን ሥጋ አሳያቸው፤ ሥጋው እየቀጠነ ሄዶ ነጭ ጅማት ሲሆን፣ ጅማቱም ወርዶ አጥንቱ ላይ ሲያዝ አሳያቸው። ከዚያ ከኋላ ያለውን ጅማት በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበው። የሞተው በግ ሰኮና እጥፍ አለ። ቤቱ ሙሉ ሰው «ኡ!» አለ።

«አያችሁ?» አለ ይርዳው። «አጥንት ብቻውን ምሰሶ ነው፤ ቢያቆሙት ይቆማል እንጂ አይሄድም። ሥጋ ብቻውን ገመድ ነው፤ ይስባል እንጂ አይቆምም። ጅማቱ ነው ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው። ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆኖ ተፈጠረ። የፊተኛው ሲስብ እግር ይዘረጋል፣ የኋለኛው ሲስብ ይታጠፋል። ጡንቻ የቀጫጭን ክር እስር ነው፤ ከሠራ ክሩ ይወፍራል፣ ከተኛ ይሳሳል። አጥንቱም ቢሆን ጭነት ካልተሰማው ‹ለማን ብዬ ልጠንክር› ብሎ ውስጥ ውስጡን ይሳሳል። እግርን የሚያበላው ሸክሙ ነው። የፊታውራሪ እግር አሁን የራበው ቅቤ አይደለም፣ የራበው ራሳቸው ፊታውራሪ ናቸው። ይቁሙበት።»

«አቤት ጥበብ!» አለ አያ ቢራራ። አያ ቢራራ የፊታውራሪ ጎረቤት ነው፤ ፊታውራሪን ከሁሉ አብልጦ የሚወድ፣ ይህንንም ከሁሉ አብልጦ የሚናገር ሰው። የበጉን እግር ተቀብሎ ጅማቱን ሦስት ጊዜ ስቦ ሰኮናው ሲታጠፍ እያየ ሳቀ። ሁሉም አየ፣ ሁሉም ገባው። ይህንንም እወቁልኝ፤ አልገባንም ሊሉ አይችሉም።

ይርዳው ወደ ፊታውራሪ ዞረ። «በቀን ስንት ጠያቂ ይመጣል ጌታዬ?»

«ኧረ ቁጥር የለውም። ሃምሳም፣ ስልሳም ይሆናል።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ በእግሩ ይመጣልዎታል። ሰው በገባ ቁጥር ምርኩዝዎን ይዘው ይነሱ፤ ቆመው ሰላም ይበሉ። ሲወጣም ተነስተው እስከ በሩ ይሸኙ። ይኸው ነው። ወር ሳይሞላ ባትዎ ይመለሳል፤ ከዚያ ግቢውን ይዞራሉ፣ ከዚያ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ለኅዳር ይደርሳሉ።»

ፊታውራሪ ፊታቸው በራ። ለእንግዳ እየተነሱ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሰውን ተኝተው መቀበላቸው አሳፍሯቸው ነበር። «ይህማ መድኃኒት አይደለም፣ ልማዴ ነው» አሉ። ይርዳው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

የእኔ ደም መፍላት የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ጧት መጀመሪያ የገባው አያ ቢራራ ነበር። ያ የበጉን ጅማት ሲስብ የነበረው ቢራራ! ፊታውራሪ ምርኩዛቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ። ቢራራ በሩ ላይ የነበረ ሰውዬ በአንድ ዝላይ አጠገባቸው ደረሰ።

«ኧረ በሞቴ! በሞቴ አይነሱ!» ትከሻቸውን ይዞ ቁጭ አደረጋቸው።

«ተው ቢራራ፣ ወጌሻው እኮ ተነስ ብሎኛል።»

«ለሌላው ይነሱ፤ ለእኔ ለአሽከርዎ ብለው ይነሳሉ? በልጄ ሞት አይነሱ!»

በዚያ አገር በልጁ ሞት የማለን ሰው እንቢ ማለት ልጁ ይሙት እንደማለት ነው። ፊታውራሪ ተቀመጡ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ገቡ፤ ፊታውራሪ ከፍ ሲሉ «አፈር ስሆን!» ብለው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ደረሱ። ፊታውራሪ ተቀመጡ። ቄሱ ገቡ፤ እሳቸውም በታቦቱ ማሉ። ፊታውራሪ ተቀመጡ። በዚያን ቀን ስልሳ ሰው ገባ፤ ፊታውራሪ ስልሳ ጊዜ ሊነሱ ሲሉ ስልሳ ጊዜ ተቀመጡ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ይርዳው በሳምንቱ መጥቶ ባታቸውን ዳሰሰ። ምንም የጨመረ ነገር የለም። «ስንት ጊዜ ተነሱ ጌታዬ?»

«አንድም።»

ነገሩን ሲሰማ ራሱን ይዞ ቀረ። በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆመ። የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ አስቁሞ ለመነ። «በእግዚአብሔር፣ ‹በሞቴ አይነሱ› እንዳትሉ። ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ይነሳሉ።» ሁሉም «እሺማ! ለሳቸው ጤና ከሆነ እሺ እንጂ!» ይሉና ይገባሉ። ይርዳው ጆሮውን ወደ ግድግዳው ያቀናል። ወዲያው ከውስጥ «ኧረ በሞቴ!» ይሰማል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ!

አንዲትን ሴት ስትወጣ ያዛት። «እኅቴ፣ አሁን አይደለም እንዴ የነገርኩሽ?»

«ምን ላድርግ ወንድሜ፤ ያን የመሰለ ሰው ለእኔ ብሎ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ዝም ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሌላ ሰው እኮ ውስጥ አልነበረም!»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለችውና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ወይዘሮ ውድነሽን ጠያቂ እንዲከለክሉ ቢለምናቸው ተቆጡ። «የበሽተኛ ጠያቂ ከደጄ ልመልስ? ቤቴን ሊያስረግሙ ነው የመጡት?» እስከዚያ ቀን «አንተ» ሲሉት የኖሩትን ሰው እንዲህ በቁጣ «አንቱ» ማለታቸው ምን ያህል እንደተቀየሙ ያሳያል።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ አንድ ነገር ደረሰበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ገባ። ፊታውራሪ እሱን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ከሰው ሁሉ የማይከለክላቸው እሱ ነዋ። ምርኩዛቸውን ተከሉና ተነሱ። ምርኩዙ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ላብ ግንባራቸውን አጠመቀው። ገና ወገባቸው ሳይቀና ይርዳው ክንዳቸውን ያዘና «በሞቴ አይነሱ!» ብሎ አስቀመጣቸው።

ሁለቱ ተያዩ። ፊታውራሪ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ይርዳው ግን አልሳቀም። ወጥቶ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የገዛ አፉን በጥፊ ሊለው ቃጣው። እዚያ ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር ገባው። ያ ቃል ለፊታውራሪ እግር ተብሎ የሚነገር አልነበረም። የሚወዱት ሰው ሲንቀጠቀጥ ማየት ስለሚከብድ ነው የሚባለው። ጠያቂው ሁሉ ማሳረፍ የፈለገው የራሱን ዓይን ነበር፤ እሱም ያው ነው።

ከዚያ ወዲያ ይርዳው ዘዴ ለወጠ። ጠያቂ ሳይመጣ፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ «ይነሱ ጌታዬ፣ አላይዎትም» ይላል። ፊታውራሪ እያቃሰቱ ይነሳሉ፣ እያቃሰቱ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ፣ በአሥረኛው ቀን ሃያ ጊዜ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያለ ሰው እርዳታ በሩ ድረስ ሄዱ። ባታቸው ላይ በጣት የሚያዝ ሥጋ መጣ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግን በበሩ መድረክ ላይ ተደናቀፉና በጉልበታቸው ወደቁ። ምንም አልሆኑም፤ ጉልበታቸው ተላጠ እንጂ። ወይዘሮ ውድነሽ ድምፁን ሰምተው ሲሮጡ መጡ፤ ባላቸው መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ወጌሻው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ አገኙት።

እስከ ረፋድ ወሬው አገሩን አዳረሰ። «ወጌሻው በጧት በጧት እየመጣ ያሰቃያቸዋል፤ ሲወድቁ እንኳ ዞሮ አያይም።» ይርዳው ከዚያ ግቢ እንዳይደርስ ተከለከለ። የሚያስነሳቸው አንድ ሰው ወጣ፣ የሚያስቀምጧቸው ስልሳዎቹ ገቡ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ።

ፊታውራሪስ ምን አሉ? እውነቱን እንናገር ካልን፣ ምንም አላሉም። ሰው በገባ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ ሲማልላቸው ይቀመጣሉ። ቆይቶ ከፍ ማለቱንም ተዉት፤ እጃቸውን ብቻ ምርኩዙ ላይ ያደርጋሉ፣ ለወጉ። መወደድ ይጣፍጣል፤ መቀመጥም ይጣፍጣል። ሁለቱ ሲደባለቁ ማን ይችላቸዋል?

ኅዳር ደረሰ።

የጎረቤቱ አገር ገዥ ግራዝማች ዓምዴ ሰባ ያለፋቸው ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ጠባያቸው ኮስታራ፣ ምላሳቸው መራራ ስለሆነ ደጃቸውን የሚረግጥ አልነበረም። ቢታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ቢደክሙ የሚደግፋቸው የለም። እንጨታቸውን ራሳቸው ይፈልጣሉ፣ ከብታቸውን ራሳቸው ያጠጣሉ። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ፀሐይ ስትወጣ እሳቸው ከተረተሩ ወዲያኛው ጫፍ ተነሱ፤ ፊታውራሪ ከወዲህኛው።

የፊታውራሪ ሕዝብ በሙሉ ተከትሏል። መጀመሪያ ሜዳ ነበር፤ ፊታውራሪ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ጥሩ ሄዱ፤ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። የግራ እግራቸው መንቀጥቀጥ ያዘው። ተቀመጡ፣ ተነሱ። መቶ እርምጃ ሄደው ተቀመጡ፣ ተነሱ። ቀጥሎ ሃምሳ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሠላሳ። ምንጩ ከፊታቸው ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ሣር አረንጓዴ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀራቸው ጉልበታቸው ከዳና ተንበረከኩ። አጥንቱ ችሏል፤ የተሰበረው ቦታ ቅንጣት አልነቃነቀም። በአጥንቱ ዙሪያ የሚስበው ነበር የጠፋው።

በወዲያኛው በኩል ግራዝማች ዓምዴ ብቅ አሉ። አይቸኩሉም፣ አይዘገዩምም። ጎረምሶቹ ፊታውራሪን ሊያነሱ ተንደረደሩ። የሁለቱ አገር ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው አገዷቸው። «የተሸከማችሁት እርምጃ አይቆጠርም።» ጎረምሶቹ ቆሙ። ፊታውራሪ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ግራውን ሊያስከትሉ፣ ፊታቸው ደም መስሎ፣ ከመሬት ከፍ አሉ።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል አንድ ድምፅ፣ «ኧረ በሞቴ! በሞቴ አይነሱ!» ብሎ ጮኸ።

አያ ቢራራ ነበር። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ አፉን በእጁ ያዘ፤ ምን ያደርጋል? ፊታውራሪ ድምፁን ሲሰሙ፣ ከሁለት ወር በላይ እንደለመዱት፣ ተቀመጡ። ድጋሚ ሊነሱ ቢሞክሩ ጉልበቱ ከየት ይምጣ።

ግራዝማች ዓምዴ ምንጩን አለፉ። ሁለት መቶውን እርምጃ ወርደው ፊታውራሪ አጠገብ ደረሱና ቆሙ። አልሳቁም፣ አልፎከሩም። ቁልቁል አይተዋቸው፣ «ይነሱና ሰላም እንባባል እንጂ» አሉ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከወጌሻው ሌላ ፊታውራሪን «ይነሱ» ያላቸው ሰው ቢኖር ይህ ባላጋራቸው ብቻ ነበር። የወሰኑ ድንጋይ እዚያው ተተከለ።

ከዚያ በኋላ ያ ምንጭ የጎረቤት ሆነ። ጎረቤቶቹ ክፉ አልነበሩም፤ «ከብቶቻችን ጠጥተው ሲጨርሱ ቅዱ» አሉ። ከብቶቹ የሚጨርሱት ከቀትር በኋላ ነው፤ ያውም ውሃውን አደፍርሰው። ያን መጠበቅ ያልቻለች ሴት የግማሽ ቀን መንገድ ወርዳ ከወንዝ ቀዳች። እንስራ የተሸከመ ጀርባ ሁሉ ማማረር ጀመረ፤ የሚያማርር ሕዝብ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። በጉባኤ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡና ይርዳውን አስጠሩት።

«አጥንቱን አጣሞ ነው የጠገነው!» አለ አያ ቢራራ። «ጥበቡ የውሸት ነው። ከአገር ይውጣ!» ሕዝቡ አጉረመረመ።

ይርዳው ረጅም ንግግር አላደረገም። ታክቶት ነበር። «አጥንቱ የእኔ ሥራ ነበር፤ ዳስሱትና ፍረዱ» አለ። «ሥጋው ግን የእኔ ሥራ አልነበረም። አሳየኋችሁ፣ ነገርኳችሁ፣ ደጅ ቆሜ ለመንኳችሁ። እናንተ ደጅ ላይ ‹እሺ› ትላላችሁ፣ ገብታችሁ ‹በሞቴ› ትላላችሁ። በሞታችሁ ስትምሉ ማን ሞተ? ማናችሁም አልሞታችሁም። የሞተው የእሳቸው እግር ነው።»

ቢራራ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ፊታውራሪ ምርኩዛቸውን አነሱ። «ዝም በል ቢራራ» አሉ። «በቅሎዋ የሰበረችውን ይህ ሰው ጠግኖታል። እናንተ ደግሞ የጠገነውን በመውደድ አሟሸሻችሁት። እኔም ከእናንተ አልሻልም። በሞታችሁ ስትምሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚያ ደስታዬ ምንጩን ያሳጣኋችሁ እኔ ነኝ። አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልነሳ ነው። ማንም አንድ ቃል እንዳይናገር።»

ተነሱ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ምርኩዙ ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ታጠፈ፣ ላባቸው ወረደ። ሕዝቡ ከንፈሩን ነክሶ አየ። ወይዘሮ ውድነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። አያ ቢራራ በሁለት እጁ አፉን ይዞ አለቀሰ። ማንም አልተናገረም፤ ፊታውራሪ አላምረው ቀጥ ብለው ቆሙ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ እስከሚቀጥለው ጉዞ ሰባት ዓመት ይቀራል፤ ውሃው ሩቅ ነው።

ወዳጆቼ፣ እኔ ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ሰው ሁሉ በአያ ቢራራ ይስቃል። በራሱ የሚስቅ ግን አላየሁም። ጡንቻ የሚወፍረው በሚስበው ነገር ነው፤ አጥንት የሚጠነክረው በሚሸከመው ነው፤ ሰውም እንዲሁ። የምንወደውን ሰው ሸክም ሁሉ ስናነሳለት የምናነሳው ሸክሙን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ጉልበትም አብረን እናነሳለን። ለስብራቱ ጊዜ ደግፉት፤ ይህ ግዴታ ነው። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ግን የምትደግፉት ለእሱ ብላችሁ ነው ወይስ ሲንቀጠቀጥ ማየት ስላቃታችሁ? አርባ ዓመት ለሞላው ልጃችሁ የምትናገሩለት እናንተ ናችሁ? የደከሙ አባታችሁን ገና መሥራት የሚችሉትን ሥራ ከእጃቸው ነጥቃችኋል? የምትወዷትን ሴት «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» እያላችሁ የራሷን ጉዳይ የማታውቅ አድርጋችኋታል?

እስቲ አስቡት፤ በቤታችሁ ውስጥ በፍቅር ያስቀመጣችሁት ማን አለ? ካለ፣ ዛሬ ማታ ስትገቡ ሊነሳ ሲል ዝም በሉት። ይንቀጥቀጥ። ይነሳ።